ተራራውን ስንዘጋ ድሃውን እንዳንዘጋ

(በሬዲዮ ፕሮግራም ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

  

ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬውን ርዕስ የመረጥነው እኛ አይደለንም። የመረጡልን አንዲት እናት ናቸው። ከውጫሌ ወጣ ብላ በአምባሰል ተራሮች ሥር በምትገኝ አንዲት መስጊድ የጁሙዓ ኹጥባ እንድናደርግ ተጋብዘን ነበር። ጊዜው ክረምት ገብቶ ችግኝ የሚተከልበት ሰሞን ስለነበር ስለ ዛፍ ተናገርን። ስለ ችግኝ የሚነገረውን የታወቀ ሐዲስም ጠቀስን፤ በየክረምቱ ስለምትሰሙት ዛሬ አንደግመውም። ሰላት አልቆ ስንወጣ እኚህ እናት በር ላይ ቆመው ጠበቁን።

«ሸኽዬ፣ የተናገሩት መልካም ነው» አሉን። «ግን ተራራው ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆነው። እኔ ከአራት ፍየል በቀር ሌላ የለኝም። የት ላሰማራቸው? ለማገዶስ ወዴት ልሂድ? የተዘጋው ዓለሙ ስለሞቀ ነው ይሉናል። ዓለሙን ያሞቅሁት እኔ ነኝ ወይ?»

መልስ አልነበረንም። «አላህ ያግራልዎ» ብለናቸው ወደ መኪናችን ሄድን። እውነቱን እንናገር ከተባለ እንዲህ ያለው ዱዓ አንዳንድ ጊዜ ከጥያቄ መሸሻ ይሆናል። ዛሬ የምንናገረው ለእርሳቸው ዘግይቶ የደረሰ መልስ ነው፤ ሙሉ መልስ ነው ብለን ግን አንሸነግላችሁም።

ባለሙያዎች ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲያስተምሩ ሥራውን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ማጣጣም ነው፤ ድርቁም ጎርፉም ሲመጣ እንዳይጥለን አኗኗራችንንና አስተራረሳችንን ማስተካከል ማለት ነው። ሁለተኛው ልቀት መቀነስ ነው፤ ምድርን የሚያሞቁት እነ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ወደ አየር እንዳይወጡ ማድረግ፣ የወጣውንም በዛፍና በአፈር ውስጥ መልሶ ማስቀመጥ ማለት ነው። ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው ከሚንጠባጠበው ሥር ገንቦ ያስቀምጣል፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ደግሞ ጣሪያውን ይከድናል። ሁለቱም ያስፈልጉታል። ችግሩ ጣሪያው የጋራ መሆኑና የበሱትም ሌሎች መሆናቸው ነው።

እኚያ እናት ዓለሙን አላሞቁትም። አገራችን ከመላው ዓለም ልቀት ያላት ድርሻ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ልቀት መቀነስ የእኛ ጉዳይ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኛም ኮሌጅ በነበርንበት ጊዜ ከጓደኞቻችን ጋር ስንከራከር ይህ የሀብታሞች ዕዳ ነው፣ እነሱ ይክፈሉ እንል ነበር። ዕዳው የእነሱ ስለመሆኑ ዛሬም ሐሳባችን አልተለወጠም። የተለወጠው አገራችን የምታወጣው ልቀት ከየት እንደሚመጣ ካወቅን በኋላ ያለው ግንዛቤያችን ነው።

ኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ የተባለውን ስትራቴጂ ይፋ አድርጋለች። በዚያ ሰነድ እንደተሰላው እ.ኤ.አ. በ2010 የአገሪቱ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። በነበረው አካሄድ ከተቀጠለ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ስለተገመተ፣ ዕቅዱ እዚያው 150 ላይ ማቆም ነበር። ልቡናችንን የሳበው ግን የመነሻው ዝርዝር ነው። ከጠቅላላው ከመቶ ከ40 የሚበልጠው ከከብት እርባታ ሲሆን 37ቱ ደግሞ ደን ከመጨፍጨፍና ከመመናመን የመጣ ነበር። ጀመዓ፣ ይህ የፋብሪካ ጭስ አይደለም፤ የላማችንና የምጣዳችን ነገር ነው። በሀብታም አገር ልቀት የሚቀነሰው በኃይል ማመንጫና በመኪና ሲሆን ከድርቅና ከጎርፍ መከላከሉ ሌላ መሥሪያ ቤት የሚሠራው ሌላ ሥራ ሊሆን ይችላል። በእኛ ዘንድ ድህነታችንም ልቀታችንም ከአንድ ማጀትና ከአንድ ተዳፋት ይወጣሉ። በመሆኑም ሁለቱን ለያይቶ መሥራት አንዱን ዓይን ጨፍኖ እንደ መሄድ ነው።

ነገሩን ወደ ደጃችን እናቅርበው። ከሐይቅ ከተማ ተነስቶ በሱሉላ በኩል ወደ ውጫሌ የሚጓዝ ሰው በመስከረም ግራና ቀኝ የሚያየው ማሽላ ነው። የአባቶቻችን ማሽላ ረጅሙ፣ በበልጉ ዝናብ ሚያዝያ ላይ ተዘርቶ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሚደርሰው ነው። በልግ ሲቀር ይህ ማሽላ አብሮ ይቀራል። ገበሬው ክረምቱን ጠብቆ ጤፍ ወይም ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ይዘራል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልን የመሰሉ ተቋማት ቶሎ የሚደርሱና ድርቅ የሚያመልጡ ዝርያዎችን ለማውጣት ብዙ ደክመዋል፤ አላህ ድካማቸውን ይቀበል። ይህ ጥሩ ማጣጣም ነው።

ነገር ግን ገበሬው ዝርያውን ሲያመሰግን ቆይቶ በመጨረሻ አንድ ቅሬታ ያነሳል፤ «አገዳው አጭር ነው» ይላል። ከተማ ያደገ ሰው አገዳ ምን ያደርግለታል ብሎ ይገረም ይሆናል። አገዳ የበሬው የበጋ ቀለብ ነው፤ አጥር ነው፤ ከሁሉም በላይ ማገዶ ነው። አገዳው ሲያንስ የቤቱ እመቤት ወደ ተራራው ቁጥቋጦ ትሄዳለች። ቁጥቋጦው ሲያልቅ ኩበት ታነዳለች። ኩበቱ ሲነድ ወደ እርሻው ሊመለስ የሚገባው ፍግ በጭስ መልክ ይሄዳል። ከድርቅ ባመለጥንበት ዓመት ማሳችንን ለሚቀጥለው ድርቅ አሳልፈን ሰጠነው ማለት ነው። አፈርን ጥቁር የሚያደርገው የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል፤ ያው ነገር ራሱ በአብዛኛው ካርቦን ነው። ስለዚህ ጥቁር አፈር ያለው ማሳ በአንድ ጊዜ ለባለቤቱ ውሃ፣ ለዓለሙ ደግሞ የካርቦን ጎተራ ይሆናል። ኩበት ስናነድ ሁለቱንም እናቃጥላለን። የእንጀራ መጋገሪያው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። እኛ ወንዶች ስለ ዛፍ በመድረክ ላይ የምንናገረውን ያህል በቤታችን ስላለው ምድጃ ብንጠይቅ ምንኛ በተሻለ። በጭስ ዓይናቸው የሚያለቅሰው እናቶቻችንና ሚስቶቻችን ናቸውና።

አሁን ወደ ተዘጋው ተራራ እንመለስ። ወሎ ተራራ ሲዘጋበት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የ1966ቱና የ1977ቱ ረሃብ ምን እንዳደረሰ ለዚህ አገር ሰው አይነገርም፤ ያልቀበረ ቤት የለም። ፕሮፌሰር ደሳለኝ ራህመቶ ገበሬው በረሃብ ጊዜ ራሱን ለማዳን ስለሚጠቀምባቸው ዘዴዎች ሲያጠኑ የመረጡት አምባሰልን ነበር፤ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1991 ታትሟል። በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ እርከን ተሠራ፤ ችግኝ ተተከለ፤ ተራሮችም ተዘጉ። ከደሴ በስተደቡብ ባለው ማይባር እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ዝናቡ ከተዳፋት ማሳ የሚያጥበውን አፈር ሲለካ ኖሯል። ሥራው ከንቱ አልነበረም። ይሁን እንጂ ተራራው የተዘጋው በትእዛዝ ነበር። ዛፉ የማን እንደሆነ፣ ሣሩን ማን እንደሚያጭደው ገበሬው አልተጠየቀም፤ በደረሰ ጊዜም ድርሻ ይኖረው እንደሆነ አያውቅም ነበር።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ሕዝቡ በመጥረቢያ ወጣ። እኛ ያኔ ልጆች ነበርን፤ አህያ እየነዳን እንጨት ካጋዙት መካከል ነን። በአንድ ሰሞን ያ ሁሉ ዓመት የተደከመበት ጥድና ባሕር ዛፍ ጉቶ ሆኖ ቀረ። ሰዉ ያጠፋው ዛፍ ስለሚጠላ አልነበረም፤ የእኔ ነው የሚለው ነገር በዚያ ተራራ ላይ ስላልነበረው ነው። ይህን የምናነሳው ሰውን ለመውቀስ አይደለም። ተራራ የሚጠብቀው ዘበኛ ብቻ እንዳልሆነ በዓይናችን ስላየን ነው።

በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ተጀመረ። የምግብ እጥረት ያለበት ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ ተሰማርቶ በወር ለአንድ ሰው 5 ቀን እየታሰበለት እህል ወይም ገንዘብ ይከፈለዋል። የሚሠራው በአብዛኛው እርከን፣ ክትር፣ የውሃ ማስረጊያ ጉድጓድና የተራራ ክለላ ነው። ፕሮግራሙ ሲታቀድ ዋና ዓላማው ረሃብን መከላከል እንጂ ካርቦን አልነበረም። ዓመታት ካለፉ በኋላ ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል ሲያነጻጽሩት፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2019 ፕሮግራሙ በሚሠራባቸው አካባቢዎች የዛፍ ሽፋን በአማካይ በ3.8 በመቶ መጨመሩን አገኙ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ለእህል ብሎ የቆፈረው ድሃ ሳያስበው ለዓለም ካርቦን አስቀምጦለታል። ከወረዳ የመጡ ባለሙያዎች «መቀናጀት» ሲሉ የምንሰማው ይህንኑ ነው። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ በሉ፤ በቅድሚያ የሰው ሆድ፣ ከዚያ ካርቦን። የ1977ቱን ዘመን ሥራ የጣለው ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ይመስለናል።

በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ምክንያት በደረሰው ድርቅ በመላው አገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነግሮ ነበር። እንደዚያ ባለ ዓመት ተራራቸው በቆየ ጎጦች ታጭዶ የተከመረ ሣር ከብቱን እስከሚቀጥለው ዝናብ ሲያደርሰው አይተናል። ሣሩ የደረሰው ግን ለሁሉም ከብት አልነበረም። ኋላ ስንጠይቅ ያ የእናታችን ተራራም እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። ሣሩ በየዓመቱ በጨረታ ይሸጣል፤ ገንዘቡ ለጥበቃ ደመወዝ ይውላል። ጨረታውን የሚያሸንፈው በሬ አድልቦ ደሴ የሚሸጠው ሰው ነው። አራት ፍየል ያላት ባልቴት በጨረታ ምን ትሆናለች? ተራራው የተዘጋው ለሁሉም ነው፤ የተከፈተው ለአንዱ ነው።

እዚህ ላይ ኪታብ ስንቀራ ያገኘነውን አንድ ታሪክ ማንሳት ግድ ይላል። በእስልምና ጥብቅ የግጦሽ ቦታ ሒማ ይባላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና አቅራቢያ ነቂዕ የተባለውን ሸለቆ ለጂሃድ ፈረሶች ከልለው ነበር። ኋላም ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ሁነይ የተባለውን ሰው የሒማ ጠባቂ አድርገው ሲሾሙት የሰጡት መመሪያ በቡኻሪ ተዘግቧል። የመመሪያው ሐሳብ ይህ ነው፤ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ሰው አስገባው፤ የዑስማን ኢብን ዐፋንንና የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍን መንጋ ግን አታስገባ። ምክንያቱንም አስረድተዋል። የእነዚህ ባለጸጎች ከብት ቢያልቅ የተምርና የእህል እርሻ አላቸው። የድሃው መንጋ ካለቀ ግን ልጆቹን ይዞ ኸሊፋው ደጅ ይመጣል፤ ያኔ ከግምጃ ቤት ወርቅና ብር ከማውጣት ዛሬ ሣርና ውሃ መስጠት ይቀላል። እነዚያ ሁለት ሰሓቦች ማን እንደሆኑ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጀነት የተበሰሩ ናቸው። ሆኖም ለሀብታቸው በሒማ ቅድሚያ አልተሰጠውም። ዛሬ የዓለም ድርጅቶች ስለ ፍትሐዊ የአየር ንብረት ርምጃ ብዙ ወረቀት ይጽፋሉ፤ ይህ መመሪያ ከ1,300 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ስለ ዛፉ ዓይነትም ሳንናገር ማለፍ አንችልም፤ ጥፋቱ የራሳችንም ነውና። የዛሬ 15 ዓመት ገደማ በምናገለግልበት መስጊድ ለገቢ እንዲሆን ብለን ከውዱእ ምንጫችን በላይ ባለው ቁልቁለት ባሕር ዛፍ ተከልን። ደስ ብሎን ነበር፤ ቶሎ አደገ። ካርቦንም ይይዛል ተባልን። በአምስተኛው ዓመት ምንጩ ጥር ላይ መንጠባጠብ ጀመረ፤ በሰባተኛው ለጁሙዓ ውሃ በጄሪካን ማስመጣት ግድ ሆነ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ያስተማርነው ሕዝብ እኛኑ መልሶ አስታወሰን። ባሕር ዛፉን ቆርጠን ጉቶውን አስነቀልን፤ በቦታው ወይራና ሾላ አኖርን። ምንጩ ተሻሽሏል፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ባሕር ዛፍ ሐራም ነው እያልን አይደለም። ቤታችን የቆመው በእርሱ ነው፤ እርሱ ባይኖር የአገሩ ጥድና ወይራ ገና ድሮ ባለቀ ነበር። ቦታው ግን የምንጭ ራስ አይደለም። ካርቦን ያዘ ተብሎ ውሃ የሚያሳጣ ዛፍ አንዱን ግዴታ በሌላው ማፍረስ ነው።

ሐይቁም ከዚህ የራቀ አይደለም። የሐይቅ ሐይቅ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት፣ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሲሆን በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ዋናው መጋቢው ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣው አንከርካ ነው። ከተራራው የታጠበ አፈር ሁሉ እዚያው ገብቶ ይቀራል። በዙሪያው ፓምፕ ሲተከል ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። የነዳጅ ፓምፕ ይጨሳል፤ የፀሐይ ኃይል ፓምፕ አይጨስም፤ ለበልግ መቅረትም መልስ ነው። እኛም እንደግፈዋለን። ይሁንና ነዳጅ የሚገዛ ሰው ኪሱ ሲጎዳ ፓምፑን ያጠፋል፤ ፀሐይ ግን ሒሳብ አታስከፍልምና ከንጋት እስከ ምሽት ሲስብ ሊውል ይችላል። ለሐረር ከተማ ውሃ ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት ታይቷል። መስኖ፣ የከተማ ውሃና ደለል ተጋግዘው ነው ያደረቁት። ከዓመታት በኋላ መልሶ ውሃ ይዟል፤ አልሐምዱሊላህ። የእኛ ሐይቅ ጥልቅ ነው ብለን መተኛት ግን አይገባም። ፓምፕ ሲታደል ማን ስንት ሰዓት ይስባል የሚለው አብሮ ይወሰን። (በመስኖው የሚጠጣው ጫት ስለመሆኑ ብንናገር ከወዳጃ ቤት የሚያኮርፉን ስላሉ ለሌላ ቀን እናቆየው።)

ስለ ካርቦን ገንዘብም ብዙ ሰው ይጠይቀናል። በአገራችን የታወቀው ምሳሌ የወላይታው ሁምቦ ነው። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከልሎ፣ በአብዛኛው ከነበረው ጉቶ በቀለውን ቁጥቋጦ እየመለመሉ ደኑን መለሱት። በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ ሥርዓት ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ ፈንድም የካርቦኑን ድርሻ ገዛ። የመሬቱ የመጠቀም መብት በሰባት የገበሬ ማኅበራት እጅ ስለነበር ገንዘቡ ለእነሱ ደረሰ። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ባቀረበችው ዕቅድ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ልቀቷን በ68.8 በመቶ እንደምትቀንስ ስታስታውቅ አብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ድጋፍ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ድጋፉ ወደ አምባሰል የሚደርስበት ቀን ይመጣ ይሆናል። ያን ዕለት ዋጋው ስንት ነው ከማለት በፊት ተራራው በማን ስም ተመዝግቧል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅንና አካባቢውን ሲያዳርስ እንዳየነው ሰላም ሲጠፋ የሚዘጋም የሚከፍትም የለም፤ የተፈናቀለ ሰው ልጆቹን ለመመገብ ያገኘውን እንጨት ይሰብራል፤ ማንም ሊፈርድበት አይችልም።

ወደ እኚያ እናት እንመለስ። ባለፈው መስከረም ሣሩ ሳይታጨድ ወደዚያ ጎጥ ተመልሰን ሄድን። ከአባጋሮቹ፣ ከክለላ ኮሚቴውና ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ተቀምጠን የዑመርን (ረ.ዐ.) ታሪክ አወራን። በሬ የሚያደልበው ሰውም ነበር። ዝም ብሎ ሰማ፤ ከዚያ «ጥበቃውን ማን ይከፍላል?» አለ። ጥያቄው ትክክል ነበርና ረጅም ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ ለጥበቃው የሚበቃው ያህል ሣር ብቻ በጨረታ እንዲሸጥ፣ የቀረው ተለክቶ በቅድሚያ ለባልቴቶችና በሬ ለሌላቸው እንዲሰጥ ተስማሙ። እናታችን ድርሻቸውን አጭደው ወሰዱ። ሁለቱን ፍየሎች ሽጠው በቤት ታስራ የምትቀለብ በግ ገዙ።

ልንሰናበታቸው ስንሄድ ምድጃቸው ላይ ኩበት ይጨስ ነበር። «ሸኽዬ፣ ሣሩንስ አገኘሁ» አሉን፤ «እንጨቱስ?» ለምርጥ ምድጃው በጎጡ ካሉት ቅሬዎች አንዱ በየወሩ በዕጣ ለአንድ ቤት ሊገዛ ጀምሯል፤ የእርሳቸው ዕጣ ገና አልወጣም። በተከለለው ውስጥ የወደቀ ደረቅ እንጨት በሳምንት አንድ ቀን ይለቀም የሚለውን ሐሳብ ኮሚቴው እስካሁን አልተቀበለውም፤ ገሚሱ ደረቁን ሰበብ አድርጎ እርጥቡ ይቆረጣል ብሎ ይሰጋል። በሚቀጥለው ወር ከመጀመሪያው ጁሙዓ በኋላ በዚሁ ነገር ላይ እንደገና እንቀመጣለን።